የተቀበረ የናፍጣ ታንከር ያለበት ቤት፦ ማውጣት፣ መሙላት ወይስ መተው?

ሲያትል ወይም ሬንተን (ዋሽንግተን ስቴት)፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ወይም አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ውስጥ አሮጌ ቤት ልትገዙ ነው? ስለ ጣሪያውና ስለ ወጥ ቤቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። ግቢው ውስጥ የተቀበረ የናፍጣ ታንከር አለ ወይ? በተለይ ቤቱ ከ1970ዎቹ በፊት የተሠራ ከሆነ ጥያቄው አይታለፍም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) የጋዝ መስመር ሰፈሩ ሳይገባ ብዙ ቤት የሚሞቀው በናፍጣ ነበር። ናፍጣው የሚቀመጠው ደግሞ ጓሮ ወይም ደጅ ላይ በተቀበረ የብረት ታንከር ውስጥ ነው። ኋላ ባለቤቱ ወደ ጋዝ ወይም ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀይር ታንከሩን ማን ያስታውሰዋል? ሣር ይበቅልበትና እዚያው ይቀራል። ቤቱ ሦስት አራት ጊዜ ይሸጣል። ከዚያ እናንተ ትመጣላችሁ።

ጣጣው የሚጀምረው ታንከሩ ሲዝግ ነው። ብረቱን ከውጭ እርጥብ አፈር ይበላዋል፤ ከውስጥ ደግሞ ከናፍጣው ስር የሚጠራቀም ውሃ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ከተበሳች በቃ፣ ለዓመታት ጠብ ጠብ ይላል። ከላይ ምንም አይታይም። በዋሽንግተን ስቴት የብክለት ሕግ ደግሞ የአሁኑ ባለቤት ተጠያቂ ነው። "እኔ እኮ ናፍጣ ተጠቅሜ አላውቅም፤ ያፈሰሰው የድሮው ሰውዬ ነው" ማለት አያድንም። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስም ብዙውን ጊዜ ብክለትን ከሽፋኑ ያስወጣል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ኢፒኤ፣ ለነዳጅ ማደያና ለመሳሰሉት የከርሰ ምድር ታንከሮች ጥብቅ ደንብ አለው። እዚያው ቤት ለማሞቂያ የሚውል ናፍጣ የያዘ ታንከር ግን ከዚያ ደንብ ውጭ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሚወሰነው በስቴት፣ በካውንቲና በከተማው እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ነው። ቨርጂኒያ ያለው የአክስታችሁ ልጅ ያደረገው ሲያትል ላይሠራ ይችላል።

አብዛኛው ሰው "ማውጣት ይሻላል ወይስ መሙላት?" ብሎ ይጀምራል። እኔ ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት ይሻላል እላለሁ። መጀመሪያ ከታንከሩ ስር ያለው አፈር ይታወቅ። አፈሩ ንጹሕ ከሆነ በምርጫዎቹ መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት ሺ ዶላር ነገር ነው። ከተበከለ ግን ታንከሩ ራሱ የሂሳቡ ትንሹ ክፍል ይሆናል።

መኖሩን ማወቅ

ምልክቶቹ ብዙ ናቸው፣ ዓይን ካለ። ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ ከመሬት ብቅ ያለ፣ ጫፉ ወደ ታች የታጠፈ ወይም እንጉዳይ የመሰለ ክዳን ያለው ቀጭን ቧንቧ ካያችሁ የታንከሩ መተንፈሻ ሊሆን ይችላል። ሣሩ ውስጥ ከመሬት እኩል የተቀመጠ ክብ የብረት ክዳን ደግሞ የመሙያው አፍ ነው። ቤዝመንት ውረዱ። ከወለሉ ወይም ከግድግዳው ወጥተው ጫፋቸው የተቆረጠ ወይም በመዶሻ የተጨፈለቀ ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች ካሉ ወደ ታንከሩ ይሄዱ የነበሩ ናቸው። ጓሮው ላይ ያለ ምክንያት ሰርጎድ ያለ ቦታም ይጠረጠራል።

ምልክት አለመኖሩ ታንከር የለም ማለት አይደለም። ቧንቧው ተቆርጦ አፈር ለብሶ ሊሆን ይችላል። ተራው የቤት ኢንስፔክተር መሬት ስር አይፈትሽም፤ ውሉ ላይም እንደማይፈትሽ ጽፎታል። ለዚህ የተለየ ባለሙያ አለ። የብረት መፈለጊያና መሬት ውስጥ የሚያይ ራዳር ይዞ ግቢውን ይዞራል። ዋጋው የጥቂት መቶ ዶላር ነው። ከዚያ በፊት ግን ነፃ የሆነውን ሞክሩ። የከተማው እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ለዚህ አድራሻ የታንከር ማስወገጃ ፈቃድ ሰጥቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ። ካለ ወረቀቱ ይገኛል።

ታንከሩን መፈተሽ ወይስ አፈሩን?

ሁለት ዓይነት ምርመራ ይሸጥላችኋል። አንደኛው ታንከሩ ላይ የአየር ግፊት ፈጥሮ ወይም አየሩን መጥጦ መያዝ አለመያዙን የሚለካ ነው። ሁለተኛው በታንከሩ ዙሪያ ቀዳዳ ቆፍሮ አፈር ወስዶ ላብራቶሪ መላክ ነው።

እኔ ገንዘቤን አፈሩ ላይ ነው የማውለው። የመጀመሪያው ምርመራ የሚነግራችሁ የዛሬን ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ቦቴው ሲሞላ ከአፉ ተርፎ የፈሰሰውን አይነግራችሁም። ወደ ፈርነሱ፣ ናፍጣውን አንድዶ ቤቱን ወደሚያሞቀው ማሽን፣ የሚሄደው ቱቦ ያፈሰሰውንም አይነግራችሁም። ቱቦው ከታንከሩ ቀድሞ የሚበሳበት ጊዜ ደግሞ ጥቂት አይደለም። በሥራ ላይ ላለ ታንከር ምርመራው ጥቅም አለው፤ ለተጣለ ታንከር ግን ብዙም አያስኬድም።

የአፈሩ ምርመራ እንዲህ ነው። ባለሙያው መጀመሪያ መሙያው ውስጥ ረጅም ዘንግ ይከትታል። የዘንጉ ጫፍ ላይ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት ተቀብቷል። ዘንጉ ሲወጣ ቅባቱ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ቀለም ቀይሮ ከመጣ ታንከሩ ውስጥ ውሃ አለ። ያ ብቻውን መጥፎ ዜና ባይሆንም ጥሩ ምልክት አይደለም። ዘንጉ የታንከሩን ጥልቀትም ይናገራል። ከዚያ በእጅ መሰርሰሪያ በሁለቱ ጫፎች በኩል ከታንከሩ ወለል ዝቅ እስኪል ይቆፈራል። የወጣው አፈር ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ይጠቀጠቅና በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይላካል።

ውጤቱ በሚሊግራም በኪሎ ይመጣል። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ለመኖሪያ ግቢ በተለምዶ የሚሠራበት የናፍጣ ጣሪያ 2,000 ሚሊግራም በኪሎ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ እፎይ በሉ። ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። መሰርሰሪያው የሚገባው በጎን ስለሆነ ከሆዱ ስር መሐል ላይ የሾለከውን ሊስተው ይችላል። የመጨረሻው እርግጠኝነት የሚገኘው ታንከሩ ወጥቶ ጉድጓዱ ሲታይ ነው።

ማውጣት

የሚቻል ከሆነ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ታንከሩ ክፍት ጓሮ ላይ ካለ፣ ማሽን መግባት ከቻለና በላዩ ላይ ሕንፃ ከሌለ ሁለተኛ ማሰብ አያስፈልግም።

ሥራው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል። አስቀድሞ 811 ይደወላል። የጋዝ፣ የመብራትና የውሃ ድርጅቶች መስመራቸውን በነፃ መጥተው በቀለም ያሰምራሉ። ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይወጣል፤ ሲያትል ውስጥ ያለ ፈቃድ አይነካም። የተረፈው ናፍጣ በፓምፕ ይሳባል። የታንከሩ ጀርባ ይገለጥና ሰው የሚያስገባ መስኮት ይቆረጥለታል። ታች የተኛው አተላ፣ ናፍጣ፣ ውሃና ዝገት የተቀላቀለበት ጥቁር ልፋጭ፣ ተጠርጎ በርሜል ውስጥ ይገባል። ከዚያ ማሽኑ ሰንሰለት አስሮ ይጎትተዋል። 500 ጋሎን የሚይዝ ታንከር ማለት ዘጠኝ በርሜል ያህል ናፍጣ የሚችል ማለት ነውና ሲወጣ የሚተወው ጉድጓድ ቀላል አይደለም።

ያቺን ሰዓት እዚያው ብትገኙ ጥሩ ነው። ታንከሩ ሣሩ ላይ ሲጋደም ሆዱን እዩት። ብዙ ጊዜ የሚበሳው ከታች ነው፣ ውሃው በሚተኛበት። ከበሳ፣ በተቆረጠው መስኮት ወደ ውስጥ ሲታይ የፀሐይ ብርሃን የሚያሾልኩ ነጥቦች ይኖራሉ። ጉድጓዱንም አሽትቱ። ናፍጣ የነካው አፈር ወደ ግራጫና አረንጓዴ ያደላል፤ ሽታውን ደግሞ ማንም አይስተውም። ፎቶ አንሱ። ናሙና ከጉድጓዱ ወለል ሲወሰድም ቁሙ።

ዋጋው እንደ ከተማው፣ እንደ ታንከሩ መጠንና እንደ መግቢያው ይለያያል። አፈሩ ንጹሕ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ1,500 እስከ 4,000 ዶላር መሐል ይወድቃል። ጉዳቱ ግቢው መቆፈሩ ነው። አበባችሁና አጥራችሁ ይነካል፤ ደጁም ተመልሶ የሚተካከለው አፈሩ ከተደላደለ በኋላ ነው። ጥቅሙ ግን ወደፊት ቤቱን ስትሸጡ "ታንከር ነበረ፣ ወጣ፣ አፈሩ ተመረመረ፣ ንጹሕ ነው" የሚል ወረቀት መያዛችሁ ነው። ከዚያ በኋላ ገዢ የሚጠይቀው ነገር የለም።

እዚያው አጽድቶ መሙላት

ታንከሩ በረንዳ ስር፣ የመኪና መግቢያ ሲሚንቶ ስር ወይም በኋላ ከተጨመረ ክፍል ስር የሆነ እንደሆነ ማውጣት ቤቱን ማናጋት ይሆናል። ትልቅ ዛፍ ሥሩን አቅፎት ተቀምጦም ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ መሙላት ትክክለኛው ምርጫ ነው። ናፍጣው ይሳባል፣ ታንከሩ ተከፍቶ ይጸዳል፣ ከዚያ ሆዱ ይሞላል። ባዶውን ለምን አይተዉትም? ዝጎ ሲደረመስ መሬቱ ከላይ ይሰረጉዳል። እንደ ሲያትል ዝናብ በበዛበት ቦታ ደግሞ መሬቱ ውሃ ሲይዝ ባዶ ታንከር ተንሳፍፎ ወደ ላይ ሊገፋ ይችላል።

መሙያው ሦስት ዓይነት ነው። አሸዋ ርካሽ ነው፤ ግን ወደ ማዕዘኖቹ በደንብ አይደርስም፣ ክፍተት ይተዋል። ቀጠን ተደርጎ የተቦካ ኮንክሪት ሁሉንም ይሞላል፤ ታንከሩ ከመኪና መንገድ ስር ከሆነ እሱን ነው የምመክረው። ችግሩ፣ ኋላ ማውጣት ቢያስፈልግ ድንጋይ ነው የምታወጡት። ፎም፣ የሚደርቅ አረፋ፣ ቀላልና ፈጣን ነው። ወደፊት ማውጣት የማይቀር ከመሰላችሁ እሱ ይሻላል። የቱ እንደሚፈቀድ ግን የሚወስነው የከተማው እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ነው። አንዳንዱ አሸዋን አይቀበልም።

መሙላትን በሚመለከት የምጨቃጨቅበት አንድ ነጥብ አለ። ታንከሩ ከመሞላቱ በፊት ወለሉ ተበስቶ ከስሩ አፈር ይወሰድ። ብዙ ርካሽ ዋጋ የሚሰጡ ሰዎች ይህንን ይዘሉታል። ዝም ብሎ ከሞሉት ብክለቱ ከታንከሩ ጋር አብሮ ታሽጎ ይቀመጥና ቤቱን በምትሸጡበት ቀን የገዢው ባለሙያ ያገኘዋል። ያኔ ኮንክሪቱን ማውጣትም የእናንተ ወጪ ይሆናል።

በዋጋ መሙላት ከማውጣት ብዙም አይራራቅም። ስለዚህ "ርካሽ ስለሆነ እንሙላው" የሚለው ብዙ ጊዜ ልክ አይመጣም። መሙላት የሚመረጠው ማውጣት ሕንፃውን የሚጎዳ ሲሆን ነው።

መተው

ማንም የማይጠቀምበትን ታንከር እንዳለ መተውን ከምርጫ አልቆጥረውም። ብዙ ከተሞች በሚከተሉት የእሳት ደህንነት ኮድ ላይ ለአንድ ዓመት ያልሠራ የከርሰ ምድር ታንከር ይወጣል ወይም እዚያው ይዘጋል። ለአነስተኛ የቤት ማሞቂያ ታንከር መሙያው ቧንቧ ዳግም እንዳይሞላ ተደርጎ ከተነሳ ማውጣቱ ግዴታ የማይሆንበት ቦታም አለ። ሕጉ ባያስገድድም ዝገቱ ሥራውን አያቆምም።

በሥራ ላይ ያለ ታንከር ሌላ ነገር ነው። ክረምቱን ማለፍ ያለበት ቤተሰብ ነገ ተነስቶ አይቀይርም። ለጊዜው ከቆየ መደረግ ያለበት ጥቂት ነው። በየዓመቱ ውሃ እንዳለው በዘንጉ ይታይ። የሞላችሁትን ጋሎን መዝግቡ፤ ብርዱ ሳይብስ ፍጆታው ከጨመረ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ፈርነሱ ደጋግሞ የሚጠፋ ከሆነም ውሃ እየሳበ ሊሆን ይችላል። ቦቴው ሲሞላ ደግሞ ጆሯችሁን ጣሉ። ናፍጣው ሲገባ አየሩ በመተንፈሻው ሲወጣ እዚያ ያለው ፊሽካ ያፏጫል። ፉጨቱ ሲቆም ሞልቷል ማለት ነውና ሾፌሩ ያቆማል። ፉጨት ከሌለ ፊሽካው ተበላሽቷል ወይም ተዘግቷል። ያኔ ነው ሞልቶ የሚፈሰው።

ናፍጣን ሳይተዉ የተቀበረውን ብቻ መገላገልም ይቻላል። ቤዝመንት ወይም ደጅ የሚቀመጥ፣ ብዙውን ጊዜ 275 ጋሎን የሚይዝ ታንከር ይገዛል። ሁለት ግድግዳ ያለው፣ ውስጡ ፕላስቲክ ውጩ ብረት የሆነ ዓይነት አለ፤ ዋጋው ከፍ ቢልም የሚያዋጣው እሱ ነው። ቢያፈስ ታዩታላችሁ፤ ትልቁ ልዩነት ይህ ነው። የድሮውን በሲሚንቶ ወለል ስር የተቀበረ ቱቦ ግን አዲሱ ታንከር ላይ እንዳይቀጥሉት። ቱቦውም ይቀየር፣ መሸፈኛም ይኑረው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ናፍጣን ለማቆየት አዲስ ታንከር መግዛት ፈርነሱ ገና አዲስ ካልሆነ በቀር ብዙም አያስኬድም። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሂት ፓምፕ ክረምት ያሞቃል፣ በጋ ያቀዘቅዛል። ሲያትል ክሊን ሂት በሚባለው ፕሮግራሟ ከናፍጣ ወደ ሂት ፓምፕ ለሚቀይሩ ድጋፍ ስትሰጥ ቆይታለች፤ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች ደግሞ ድጋፉ የበለጠ ነው። ከማመልከታችሁ በፊት የዘንድሮውን ሁኔታ ደውላችሁ ጠይቁ። ሻጭ "ከፌዴራል ታክስ 2,000 ዶላር ይመለስላችኋል" ካላችሁ ግን ተጠንቀቁ። ያ የታክስ ቅናሽ ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለሚገጠም አይሠራም።

ከቀየራችሁ ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ አስቡ። ሂት ፓምፕ የሚገጥመው ሰው ታንከሩን አይነካም፤ ፈርነሱን ነቅሎ ይሄዳል። ጊዜውንም አመቻቹ። ክረምቱ ሲወጣ ናፍጣ ማዘዝ አቁሙ፣ ያለው እየነደደ ይለቅ። የሚሳበው ናፍጣ ባነሰ ቁጥር ሂሳቡ ይቀላል፤ በበጋ ደግሞ ጉድጓዱ ውሃ አይሞላም።

አፈሩ ተበክሎ ከተገኘ

ድንጋጤው ይገባኛል። ግን የመጀመሪያው ሥራ ስልክ ነው። ለስቴቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ያስፈልጋል። ጉድጓዱን በአፈር መልሶ ዝም ማለት የሚያስቡ አሉ። ላብራቶሪው፣ ኮንትራክተሩና የእሳት አደጋ ኢንስፔክተሩ ሁሉ ወረቀት ላይ ናቸው፤ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ሳያሳውቁ መቆየት ደግሞ የስቴት ገንዘብ ሊያሳጣ ይችላል።

የተበከለውን አፈር ቆፍሮ ማውጣት ቀጥተኛው መንገድ ነው። ወጪው በቀላሉ 10,000 ዶላር ያልፋል። ናፍጣው ወደ ቤቱ መሠረት ስር ከገባ ወይም የከርሰ ምድር ውሃ ከነካ 50,000ንም ሊያልፍ ይችላል። ሌላው መንገድ፣ የሚደረስበትን አውጥቶ መሠረቱን የሚነካውን ጥቂት መተውና በሰው ጤና ላይ አደጋ እንደማያመጣ በጥናት ማሳየት ነው። ይህ የሚሆነው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ከተስማማ ብቻ ነው። ቤቱን ከማናጋት ግን ይሻላል፤ ስለዚህ ባለሙያው "ሁሉም ካልወጣ" ብሎ ከተነሳ ሌላ ባለሙያ አማክሩ።

በገንዘብ በኩል ቨርጂኒያ ከሁሉ ትሻላለች። የስቴቱ የነዳጅ ታንከር ፈንድ 5,000 ጋሎንና ከዚያ በታች ለሚይዙ የማሞቂያ ናፍጣ ታንከሮች የጽዳት ወጪን ሲሸፍን የባለቤቱ ድርሻ 500 ዶላር ነው። ታንከሩን የማውጫውን ወጪ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ለብክለቱ ነው። ሥራውም አስቀድሞ በስቴቱ መጽደቅ አለበት። መጀመሪያ አስቆፍሮ ኋላ ሂሳብ ማቅረብ አያዋጣም። ሜሪላንድም ተመሳሳይ ፈንድ አላት፤ ጣሪያው ግን ከቨርጂኒያው በጣም ያነሰ ነው። ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ፒሊያ በሚባለው የብክለት ኢንሹራንስ ድርጅቱ አማካይነት በሥራ ላይ ላሉና አስቀድመው ለተመዘገቡ ታንከሮች እስከ 60,000 ዶላር የሚደርስ ሽፋን ሲሰጥ ኖሯል። ቁልፉ ቃል "አስቀድመው" ነው። ቤት ስትገዙ ታንከሩ ተመዝግቦ እንደሆነ ሻጩን ጠይቁ፣ ምዝገባውም ወደ ስማችሁ እንዲዞር ከክሎዚንግ፣ ማለት ቤቱ በይፋ ወደ እናንተ ከሚዞርበት ቀን፣ በፊት ደውሉ።

ገዢ ከሆናችሁ

ሻጭ የሚነግራችሁ ነገር እንደ ስቴቱ ይለያያል። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ሻጩ የሚሞላው ፎርም ስለ ነዳጅ ታንከር በግልጽ ይጠይቃል። ሜሪላንድ ሻጩ ቅጹን ከመሙላትና "እንዳለ ነው የምሸጠው" ከማለት እንዲመርጥ ትፈቅዳለች። ቨርጂኒያ ግን "ገዢ ዓይንህን ግለጥ" የሚባልበት ስቴት ነው፤ መፈተሽ የእናንተ ሥራ ነው። በፎርሙ ላይ "አላውቅም" የሚለው ሳጥን ተሞልቶ ካያችሁ "የለም" ብላችሁ አታንብቡት።

ታንከር ከተገኘ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ሻጩ ከክሎዚንግ በፊት ያስወጣል። እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው እሱን ነው፤ ጉዱ ቢወጣ የሚወጣው ቤቱ የሻጩ እያለ ነው። ግን ውሉ ላይ "ሻጭ ታንከሩን ያስወግዳል" ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ። ፈቃዱ ተዘግቶ፣ የአፈሩ ውጤት ንጹሕ መሆኑ ታይቶ፣ ሪፖርቱም በእጃችሁ ሲገባ ክሎዚንግ ይሁን ተብሎ ይጻፍ። ካልሆነ ሻጩ በጣም ርካሹን ሰው ጠርቶ አሸዋ አስሞልቶ ይገላገላል።

ሁለተኛው ገንዘብ ይዞ ማቆየት ነው። ከሻጩ ገንዘብ ላይ ከግምቱ በለጥ ያለ መጠን ኤስክሮው (ሦስተኛ ወገን በአደራ የሚይዘው ሂሳብ) ውስጥ ይቀመጥና ሥራው ከክሎዚንግ በኋላ ይሠራል። ጊዜ ሲያጥር ይጠቅማል። ሆኖም ባንኩ ላይፈቅድ ይችላልና አበዳሪያችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው የዋጋ ቅናሽ ነው። ኤጀንቶች ይወዱታል፤ ፈጣን ነውና። አፈሩ ሳይመረመር 5,000 ዶላር ቅናሽ መቀበል ግን የማታውቁትን ዕዳ በ5,000 ዶላር መሸከም ነው። ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ታንከሩን ማውጣት ብቻ ከቀረ ቅናሹ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም የምትፈልጉትን ባለሙያ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ለዓመታት እቁብ ተጥሎ የተጠራቀመ ዳውን ፔይመንት ለዚህ ቁማር አይሆንም። ገበያው ጦፎ ኢንስፔክሽን ትታችሁ ኦፈር የምትሰጡ ከሆነም ቢያንስ ታንከር ፈላጊውን ከኦፈሩ በፊት አስገቡት።

ሻጭ የሆናችሁ ደግሞ ቤቱን ገበያ ከማውጣታችሁ ከወራት በፊት ጨርሱት። ክሎዚንግ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው የሚጠራ ኮንትራክተር የጠየቀውን ትከፍሉታላችሁ እንጂ አትከራከሩትም።

ዋጋ ስትቀበሉ

መጀመሪያ አንድ ነገር። ኤክስካቫተር ያለው የአገር ልጅ ቅዳሜ መጥቶ ይጎትትልናል የሚል ሐሳብ ከመጣ ተዉት። የናፍጣ ትነት ያለበትን ብረት ያለ ጥንቃቄ መቁረጥ ሰው ይገድላል። ፈቃድ ከሌለው ደግሞ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ ታንከሩ እንዳልወጣ ነው የሚቆጠረው። ልጁ ፈቃድና የብክለት ኢንሹራንስ ካለው እሰየው፣ እሱ ይሥራው።

ሁለት ሦስት ዋጋ ተቀበሉና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ ርካሽ የሆነው ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር ስላልጨመረ ነው። ፈቃዱ አለበት? ናፍጣውንና አተላውን ማስወገጃው በጋሎን ነው የሚታሰበው ወይስ ተካቷል? ናሙናውና ላብራቶሪውስ? ጉድጓዱ የሚሞላበት አፈርና መጠቅጠቁስ? የመጨረሻውን ሪፖርት ማን ይጽፋል?

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ብዙ ሰው የሚረሳው ጥያቄ አለ። አፈሩ ተበክሎ ቢገኝ በቶን ስንት ታስከፍላላችሁ? ይህ ቁጥር ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይኑር። ጉድጓዱ ተከፍቶ፣ ማሽኑ ግቢ ቆሞ፣ ሽታው ጎረቤት ደርሶ ሳለ ዋጋ መደራደር አይቻልም። አንዳንዱ ማውጣቱን በርካሽ የሚሠራው ትርፉ ከጽዳቱ ስለሆነ ነው። ለዚህም ነው ናሙናውን ከቆፋሪው ሌላ የሆነ ባለሙያ ቢወስድ የምመርጠው። ትንሽ ያስወጣል፤ ግን የሚቆፍረው ሰው ራሱ "አልጨረስኩም፣ ገና ነው" ሲል የሚያመሳክር ሌላ ዓይን ይኖራችኋል።

ሥራው ሲያልቅ የፈቃዱን መዝጊያ፣ የላብራቶሪውን ውጤት፣ ናፍጣውና ብረቱ የት እንደተጣለ የሚያሳየውን ደረሰኝና ፎቶዎቹን በአንድ ፋይል ያዙ። የመሙያውን ቧንቧም በዓይናችሁ እዩ። ታንከሩ ተነስቶ ወይም ተሞልቶ ቧንቧው ግድግዳው ላይ ከቀረ፣ አድራሻ የተሳሳተ ሾፌር ቱቦውን ሰክቶ በመቶ የሚቆጠር ጋሎን ቤዝመንት ውስጥ ሊለቅባችሁ ይችላል፤ በተለያዩ ስቴቶች የደረሰ ነገር ነው። ክዳኑን ማሰር አይበቃም። ቧንቧው ይነቀል፣ ግድግዳው ላይ የቀረው ቀዳዳ በሲሚንቶ ይደፈን። የናፍጣ ኩባንያው ዘንድም አካውንቱ ይዘጋ። የመጨረሻውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ስጡ።